ጉሬዛዎቹ ከዛፍ የወረዱበት ጥር

አትጠገብ ዓረፍተ ነገሩ የራሷ መሆኑን ወዲያው አላወቀችም።

«በበጋ ወራት፣ ለጋ ቅጠል ሲጠፋ፣ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ወርደው በደኑ ዳርቻ ያለውን የቡና ፍሬ ሲበሉ ታይተዋል።» ጠበቃ ይርጋ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ችሎቱን ቀስ ብሎ ቃኘ። «ክቡር ዳኛ፣ ይህን ያሉት ደንበኛዬ ፊታውራሪ ወልደዮሐንስ አይደሉም። እኔም አይደለሁም። እንግሊዝ አገር በሚታተም የሊቃውንት መጽሔት ላይ፣ በዚሁ በኮንጋ ደን ተቀምጦ ያጠና ተመራማሪ የጻፈው ቃል ነው።»

«በኮንጋ ደን» ሲል ነው የነቃችው። 

እንግሊዝኛው ይህን ያህል አይጮህም ነበር። አዲስ አበባ፣ በዩኒቨርሲቲው ጠባብ ክፍል ውስጥ ስትሰርዝ ስትደልዝ የጻፈችው፣ አንገቱን የደፋ ጠንቃቃ ዓረፍተ ነገር ነበር። አሁን አማርኛ ለብሶ ከጠበቃው አፍ ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ እንደ ከሳሽ ቆመ።

ወሩ መጋቢት፣ ዘመኑ 1963 ዓ.ም. ነው። የዲላ ሙቀት ከቆርቆሮው ጣሪያ ወደ አዳራሹ ይወርዳል። ከዳኛው ራስ በላይ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል። ፊታውራሪ ወልደዮሐንስ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ካባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው አባቷ አቶ ጉግሳ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ይታያታል። መቀመጫ ያላገኙት የኮንጋ ጭሰኞች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አማርኛ የሚሰማው ለማይሰማው በሹክሹክታ ይነግረዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮንጋ በላይ አንድ ደን አለ። ዝግባው፣ ብርብራው፣ ዋንዛው ከማን አያት ዘመን ጀምሮ እንደቆመ የሚያውቅ የለም። በመካከሉ ባለች ገላጣ ሥፍራ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ ከዚያ ደን እንጨት መቁረጥ ነውር ነው። ፊታውራሪ «ደኑ በርስቴ ክልል ውስጥ ነው» ብለው፣ መንጥረው ቡና ሊተክሉበት ተነሡ። ጭሰኞቹ ደግሞ «ደኑ ከተለካልዎት መሬት ውጭ ነው፤ የአባቶቻችን ነው» ብለው ለአውራጃው ፍርድ ቤት አቤት አሉ። የፊታውራሪ መልስ አጭር ነበር፦ ደኑ የአውሬ መጠለያ ነው፣ አውሬው ግብር የሚከፈልበትን ቡና ያወድማል። ማስረጃ ሲጠየቁ የአትጠገብን ጽሑፍ ከነትርጉሙ አቀረቡ።

ጽሑፉ በቀረበበት በቀደመው ችሎት ጭሰኞቹን ወክሎ የሚናገረው በራሶ ከቆመበት አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥቶ «ይህን የጻፈውን ሰው እናውቀዋለን» ብሎ ነበር። «ቤቴ ነበር የሚያድረው። እሱ ራሱ መጥቶ ይናገር።» በራሶ አማርኛን የተማረው ጎልምሶ፣ ከገበያና ከግብር ሰብሳቢ አፍ ነው። አትጠገብንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያናግራት በወንድ አንቀጽ ነበር፤ አንድም ጊዜ አርማው አታውቅም። መጥሪያው አዲስ አበባ ድረስ ተልኮላት ነው የመጣችው።

«ወይዘሪት አትጠገብ ጉግሳ» አሉ ዳኛው። «ጽሑፉ የርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የተነበበው ትርጉም ከጽሑፉ ጋር ይስማማል?»

ጭሰኞቹ ሹክሹክታቸውን አቆሙ። በራሶ አያያትም፤ ዓይኑን የጣለው በሩ ላይ ነበር።

«ከዋናው ጋር ሳላስተያይ መናገር ይከብደኛል።»

«መልካም። ከሰዓት በኋላ ይንገሩን» ብለው ዳኛው ተነሡ።

የአቶ ጉግሳ ሱቅ ከገበያው አፍ ላይ ነው። አትጠገብ ተወልዳ ያደገችው ከዚያ ሱቅ ጀርባ፣ በአቡጀዲ፣ በላምባና በአሞሌ ጨው ሽታ ውስጥ ነው። ቤቱ የፊታውራሪ ነው፤ መንገዱ ዳር ያሉት ሱቆች አብዛኞቹ የሳቸው ናቸው። አባቷ በሩን ገርበብ አድርጎ ከባንኮኒው ኋላ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም።

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» አለ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«አንቺ ስትልኪልኝ... እንግሊዝኛውን የት አውቄ? ጉግሳ የምትለዋን ቃል ግን አንዲት የጎረቤት ተማሪ አሳየችኝ። ለመጣ ለሄደው ሁሉ በጣቴ እያመለከትኩ አሳይ ነበር። ፊታውራሪም ሲመጡ ‹እስቲ› አሉኝ፤ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ስምሽን አይተው እንዲያከብሩሽ ነበር።» ባርኔጣውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፤ መልሶ አነሣው። «አሁን ምን ትያለሽ?»

«ትርጉሙን ገና አላየሁትም።»

«የጻፍሽውን ‹አዎ ጽፌያለሁ› በይ። ውሸት አይደል። አዎ ብለሽ፣ ነገ ማለዳ አውቶቡስሽን ተሳፍረሽ ትሄጃለሽ። ከዚያ ወዲያ ያለው የዳኛው ነው።»

ይህን ብሎ ምሳ ሊያስቀርብ ወደ ጓዳ ገባ። እሷ ሁለቱን ወረቀቶች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ አነበበች። ትርጉሙ ንጹሕ ነበር። ቃል አልጨመረም፤ ቃል አላጎደለም። እሷ ራሷ ብትተረጉመው ከዚህ የተለየ አትጽፍም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የከነከናት፣ ጠበቃው ከዚያ ሁሉ ገጽ መርጦ ያወጣት ዓረፍተ ነገር ሌሎችም ሁልጊዜ የሚያወጧት መሆኗ ነው። ጽሑፉ ከታተመ ወዲህ ስማቸውን ሰምታ በማታውቃቸው አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰዋል። ስለ ጉሬዛ እናቶች፣ አንዷ የሌላዋን ግልገል ስለማቀፏ፣ ጎሕ ሲቀድ ከመንጋ ወደ መንጋ ስለሚቀባበሉት ጩኸት የደከመችበትን ግን ማንም አላነሣውም። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ መሬት መርገጥ አይወድም፤ ወርዶ ቡና በላ መባሉ ለሊቃውንቱ አዲስ ነገር ነበር። ለዶክትሬት ወደ ውጭ እንድትሄድ ፕሮፌሰሯ የጻፉላት ድጋፍም በዚህችው ግኝት ላይ የቆመ ነው። ሴት ልጅ ደን ለደን ስትዞር ምን ታገኛለች ላሉት ሁሉ መልሷ ይህች ነበረች።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ። የገባው ሰው ቀጭን፣ ኮቱ በክርኑ ላይ የሳሳ ነበር።

«ጴጥሮስ እባላለሁ። የሚስዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ትርጉሙን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ትርጉም ነው፣ አቶ ጴጥሮስ።»

«እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።» ወደ ጓዳው በር አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲሰጡኝ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም የአገሬን ስም በእንግሊዝኛ ታትሞ ሳይ ደስ ብሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ ሠራሁት። በኋላ ነው የገባኝ። አሁን እርስዎ ‹ተርጓሚው ተሳስቷል› ይበሉ። እኔ እጠራለሁ፤ ‹አዎን፣ እንግሊዝኛው ከብዶኛል› እላለሁ። በዚህ ከተማ የሁለታችንን እንግሊዝኛ የሚመዝን የለም።»

«ከሥራዎ ያባርሩዎታል።»

«ያባርሩኛል።»

«በሐሰት ተርጉመዋል ብለው ቢያስሩዎትስ?»

ጴጥሮስ ጫማውን አየ። «በራሶ የእናቴ ወንድም ነው» አለ ቆይቶ። «አያቴ ነገር ይሰማ የነበረው እዚያ ደን ውስጥ ነው። እኔ ልጆችን ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ለወገኖቼ ከዚህ ሌላ ልሰጣቸው የምችለው ነገር የለኝም።»

ከሄደ በኋላ አትጠገብ የቀረበላትን ምግብ ሳትነካ ተቀመጠች። መዋሸት ቀላል ነበር፤ ተዘጋጅቶ፣ ባለቤቱ ራሱ ተሸክሞት ደጃፏ ድረስ መጥቷል። ዓይኗን ስትጨፍን ግን የምታየው ያንን ጥር ነበር።

የበራሶ ሚስት ማሚቱ ጠዋት ጠዋት ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ትሰጣት፣ እሷም አቅርቦ ማያ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ደኑ ትገባ ነበር። በዚያ ጥር ግን ከጉሬዛዎቹ ጩኸት በፊት የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። በደኑ ታችኛ ወገን የፊታውራሪ ሰዎች ብርብራውን እየጣሉ ነበር። ጉሬዛዎቹ በበጋ ለጋ ቅጠል የሚለቅሙት ከዚያ ወገን ነው። ሳምንት እንኳ ሳይቆይ መንጋው ከሳ፤ ጩኸቱም ቀነሰ። አንድ ማለዳ፣ ነጭ ግልገል ደረቷ ላይ የለጠፈች እናት ከዝግባው ግንድ ወደታች ስትንሸራተት አየቻት። መሬት ስትረግጥ ውኃ ውስጥ እንደምትገባ ሰው እግሯን እየመለሰች ነበር። በበራሶ ማሳ ጫፍ ላይ ተርፎ የተንጠለጠለውን ቀይ ቡና ቀጠፈች፤ ዙሪያዋን አየች፤ በላች። አትጠገብ ትንፋሿን ይዛ አየችና ጻፈች።

መጥረቢያውን ግን አልጻፈችውም። ፕሮፌሰሯ ረቂቁን አንብበው «የመሬት ጉዳይ ሌላ ትምህርት ነው፤ አንቺ እንስሳቱን ያዢ» አሏት፤ እሷም የአባቷ ሱቅ የማን ቤት እንደሆነ ታውቅ ነበርና አልተከራከረችም። «ለጋ ቅጠል ሲጠፋ» ብላ አለፈችው። ጠፋ። የማንም እጅ ሳይነካው፣ እንደ ጉም በራሱ እንደሄደ ሁሉ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ከጠዋቱ ይልቅ ጠቦ ነበር፤ ወሬው ተሰምቶ የገበያው ሰው መስኮቱን ሞልቶታል። ጴጥሮስ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ወይዘሪት፣ ትርጉሙን አዩት?» አሉ ዳኛው።

«አይቼዋለሁ። ትክክል ነው። ተርጓሚው አንዲት ቃል አላዛባም።»

ግድግዳው ሥር የቆሙት ሰዎች እስኪተረጎምላቸው ጠበቁ፤ ከዚያ አንድ ከባድ ትንፋሽ በመካከላቸው አለፈ። ጠበቃ ይርጋ ወደ ፊታውራሪ ጎንበስ ብሎ ፈገግ አለ።

«ግን አልጨረስኩም፣ ክቡር ዳኛ።» የአግዳሚውን ጠርዝ ጨበጠች። «ቅጠል ሲጠፋ ብዬ ጽፌያለሁ። ቅጠል በራሱ አይጠፋም። እኔ እዚያ ነበርኩ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ፣ በጥር ወር፣ የፊታውራሪ ወልደዮሐንስ ሰዎች የደኑን ታችኛ ወገን ቆረጡ። ጉሬዛዎቹ የሚበሉትን ነው የቆረጡባቸው። ከዚያ በፊት በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ አንድም ጉሬዛ ቡና ሲነካ አላየሁም። የወረዱት ስለራባቸው ነው።»

ፊታውራሪ አልተነቃነቁም። ከዘራቸው ላይ ያረፈችው እጃቸው ብቻ ተከፍታ ተመልሳ ተዘጋች። አትጠገብ አባቷን ላለማየት ስትል ጸሐፊውን አየች።

ጠበቃ ይርጋ ሳይቸኩል ተነሣ። «ወይዘሪት፣ አሁን የነገሩን ነገር በጽሑፉ ውስጥ አለ?»

«የለም።»

«በሌላ ጽሑፍስ አሳትመዋል?»

«አላሳተምኩም።»

«እንግዲህ ለዓለም ሊቃውንት ያልነገሩትን ዛሬ ለእኛ ነገሩን ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ የትኛውን ይመን? ታትሞ፣ በሊቃውንት ተመርምሮ የወጣውን? ወይስ ዛሬ በቃል የተጨመረውን?»

«ሁለቱንም። ሁለቱም እውነት ነው።»

«አንዱ ሙሉ ከሆነ ሌላው ለምን አስፈለገ? ጽሑፍዎ ጎዶሎ ነው እያሉን ነው?»

አትጠገብ ለአፍታ ያ መጽሔት በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ታያት፤ በየአገሩ ሰዎች ስሟን ሲጽፉ፣ ስሟን ሲያምኑ።

«ጎዶሎ ነው» አለች።

ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም አስነክቶ ጻፈው። የብዕሩ መፋቅ አዳራሹ ውስጥ ተሰማ።

 የዳኛው ፊት የደከመ ሰው ፊት ነበር፤ ምን እንዳሰቡ የሚነግር ምልክት አልነበረበትም። በመጨረሻ የሁለቱን ወገን ቃል መርምረው ፍርድ ለመስጠት ከፋሲካ በኋላ ቀጠሮ ሰጡ።

«ጌታዬ» አለ በራሶ፣ «እስከዚያ መጥረቢያ ይቆማል ወይ?»

«ስለዚያ የቀረበ አቤቱታ የለም» አሉ ዳኛው፤ ሲናገሩም ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ካላችሁ በጽሑፍ አቅርቡ።»

ግቢው ውስጥ ሰዉ ሁለት ተከፍሎ ለፊታውራሪ መንገድ ለቀቀ። ፊታውራሪ አቶ ጉግሳ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። አትጠገብ ከኋላቸው ነበረች፤ ሁሉንም ሰማች።

«ጉግሳ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጅህን በደንብ አስተምረሃታል።»

አባቷ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። ይህን ሰላምታ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ሁልጊዜ ከወገቡ ነበር። ዛሬ ግን አንገቱን ብቻ ዝቅ አደረገ።

«አዎን፣ ጌታዬ። ባለኝ ሁሉ።»

ፊታውራሪ ለጥቂት ጊዜ አዩት። ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። አባትና ልጅ ሁለቱም የሱቁን ቤት አሰቡ፤ ሁለቱም አላነሡትም። አቶ ጉግሳ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ አቧራውን ከኮቱ ላይ አራገፈ።

«አባባ፣ እኔ...»

«ተይው። አሁን አትንገሪኝ፤ ሳለቅስ ሰው እንዳያየኝ።» ወደ መንገዱ አመለከተ። «ሰዎቹ መኪና አግኝተው እየጠበቁሽ ነው። አዲስ አበባ ነገም አለ። ሂጂና ቤታቸው ገብተሽ ውጪ፤ ስትበይ የኖርሽበት ቤት ነው። እኔ ሱቄን እከፍታለሁ፤ ገበያው ገና አልተፈታም።»

ወደ ጨለለቅቱ ከተማ የሚወጣ ባዶ የቡና መኪና ነበር የተሳፈሩት። ጭሰኞቹ ከኋላ ተጨናንቀው ቆሙ፤ ለአትጠገብ ባዶ ጆንያ አነጠፉላት። መንገዱ በእንሰቱና በቡናው መካከል እየተጠማዘዘ ሲወጣ አየሩ ቀዘቀዘ።  አቧራው ፊታቸውን ሁሉ አንድ አድርጎታል። በራሶ የመኪናውን ብረት ይዞ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

«ጴጥሮስ የነገረህን ሰማሁ» አላት ብዙ ከሄዱ በኋላ። «እኔ አልላክሁትም።»

«አውቃለሁ።»

«ጥር ላይ እኔም አይቻለሁ፣ ሲበሉ። የኔ ቡና ነው የበሉት።» መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አንገጫገጫቸው። «አንተ ሐሰት ብትናገር ደስ ይለኝ ነበር። እውነት እልሃለሁ፣ ጠዋት ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቤቴ ስትገባ እንዴት አድርጌ አይሃለሁ?»

አመስግኗት እንደሆነ፣ ወይስ ወቅሷት፣ አልለየችም። 

ኮንጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገብታ ብርሃኑ ብቻ ቀርቶ ነበር። የመንደሩ ሰው ወሬ ሊሰማ ከደኑ ዳርቻ ተሰብስቦ ቆሟል፤ ሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብለው። በራሶ በጌዴኦኛ ተናገረ። አትጠገብ ከሚለው ጥቂቱን ብቻ ትይዝ ነበር፤ ዳኛ የሚለውን፣ ፋሲካ የሚለውን፣ የራሷን ስም። ንግግሩ አጭር ነበር። ሲጨርስ የጮኸ፣ ያለቀሰ የለም። አንዳንዱ ወደ ደኑ ዞሮ አየ።

ጉሬዛዎቹ ለማደሪያቸው ዝግባው ላይ ወጥተዋል። በግራጫው ብርሃን ውስጥ ነጭ ጅራቶቻቸው ከቅርንጫፉ ላይ ወደታች ተንጠልጥለው ይታያሉ። አንዲቱ ግልገሏን ከጎረቤቷ እቅፍ መልሳ ወሰደች።

ማሚቱ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መጣች። አትጠገብን ትከሻዋን ይዛ ሳመቻት፤ አቧራውን በመዳፏ ከጉንጯ ጠረገችላት። ከዚያ ወደ ዛፎቹ ሳይሆን ወደ መንደሩ፣ ወደ ጎጆዎቹና ከደኑ ሥር ወደተሰበሰበው ሰው ሁሉ በዓይኗ ዞር ብላ አንዲት ነገር ጠየቀች። ጥያቄዋ አጭር ነበር። ሰዉ መልሱን ሊሰማ ወደ አትጠገብ ዞረ።

«ምን አለች?»

«ደኑን ከቆረጡት የት ይሄዳሉ? ትላለች» አለ በራሶ።

ስለማን እንደሆነ አትጠገብ አልጠየቀችም። ጉሬዛዎቹ የሚበሉትን ታውቅ ነበር፤ የሚተኙበትን፣ የሚፈሩትን፣ እናት ስትሞት ግልገሉን ማን እንደሚያነሣ። ይህን ሁሉ ጽፋ አሳትማ ነበር። አሁን የማሚቱ እጅ ገና ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ መልሱን በውስጧ ፈለገች፤ ገጹን ሁሉ ገለጠች።

«አላውቅም በላት» አለች።

በራሶ ወደ ሚስቱ ዞረ። ቃሉ ግን ከአፉ ለመውጣት ብዙ ቆየ።